ምላሽ የሚገባው ድምፅ፦ ስለ ወጣቶችና ስለ አካባቢ የሕዝብ አገልግሎት

የሕዝብ አገልግሎት ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው በከተማ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን ከቤታችን ደጃፍ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘውን ነው፤ ይኸውም የቀበሌውን የውኃ ቦኖ፣ የወረዳውን ጤና ጣቢያ፣ ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት፣ የመንደሩን መንገድና የኳስ ሜዳ፣ እንዲሁም በየከተማው የተሠራውን የወጣቶች ማእከል ነው። እነዚህ ሁሉ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩና በሕዝብ ስም የሚተዳደሩ ናቸው። በሀገራችን ከሕዝቡ ከግማሽ የሚበልጠው ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች በመሆኑ፣ «ሕዝብ» የሚለውን ቃል በተናገርን ቁጥር፣ ብናስተውለውም ባናስተውለውም፣ የምንናገረው በአብዛኛው ስለ ልጆችና ስለ ወጣቶች ነው።

ወጣቶች በእነዚህ አገልግሎቶች አሠራር ላይ ሐሳባቸውን መግለጥ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ጥያቄ ዛሬ እምብዛም አያከራክርም። በየስብሰባው ይነገራል፤ በሕግም ተጽፏል። ሊያከራክረን የሚገባው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፦ ወጣቱ ከተናገረ በኋላ የሰማው ሰው ምን ዕዳ አለበት? በዚህ ጽሑፍ ስለ መናገር ጥቂት፣ ስለ መመለስ ግን ሰፋ አድርገን ለመመርመር እንወዳለን።

የሚጠቀምበት ያውቀዋል

አስቀድመን ወጣቱ ስለ ምን እንደሚጠየቅ ግልጽ እናድርግ። ወጣት ሁሉ ከሽማግሌ ይልቅ ጠቢብ ነው የሚል እምነት የለንም። ነገር ግን ዕውቀት ሁሉ ከዕድሜ የሚመጣ አይደለም፤ በቦታው በመገኘት ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አለ።

የውኃን ነገር እንውሰድ። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ዘገባ እንደ ተመለከተው፣ በዓለም ላይ በግቢያቸው ውኃ ከሌላቸው 10 ቤተሰቦች መካከል በ7ቱ ውኃ የማምጣቱ ኃላፊነት የወደቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ነው። በእኛም ገጠር ከዚህ የተለየ ነገር አይታይም። የውኃ ኮሚቴ ሲመረጥ ግን የሚመረጡት አዋቂዎች ናቸው። ኮሚቴው የመዋጮውን ገንዘብ ያውቃል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ጥገናው መቼ እንደ ተደረገ ያውቃል። የ11 ዓመት ልጃገረድ የምታውቀው ደግሞ ሌላ ነው። የእጅ ፓምፑ እጀታ ለእርሷ ቁመትና ጉልበት እንደማይስማማ፣ ቦኖው የሚከፈትበት ሰዓት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጋር እንደሚጋጭ፣ ጀሪካኑን ከመሬት አንሥቶ ጀርባ ላይ ለማዘል የሚያግዝ ከፍ ያለ መደብ ባለመሠራቱ ሌላ ሰው መጠበቅ እንዳለባት፣ ወደ ምንጩ የሚወስደውም መንገድ ሲመሽ እንደሚያስፈራ ታውቃለች። ከእነዚህ አንዱም በኮሚቴው መዝገብ አይገኝም። ኮሚቴው ስለ ደበቀው አይደለም፤ ከአባላቱ ውኃ የሚቀዳ ስለሌለ ነው።

የትምህርት ቤቱም ነገር እንዲሁ ነው። አዋቂ የሆነ ጎብኚ የመማሪያ ክፍሎችን ይቈጥራል፤ ጣራውን ያያል፤ ደስ ብሎት ይመለሳል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ብትጠየቅ ግን የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም ትላለች። በአጠገቡም ውኃ ባለመኖሩ በወር አበባዋ ጊዜ ከቤት መዋልን ትመርጣለች። ለመቀርቀሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ስብሰባ ለሻይና ለዳቦ ከሚወጣው ያነሰ ሲሆን፣ ማንም ስላልጠየቃት ብቻ ዓመታት ያልፋሉ።

በጤና ጣቢያም ተማሪው የሚማርበት ሰዓትና የካርድ ክፍሉ የሚከፈትበት ሰዓት አንድ ይሆናል። ለመታከም ከትምህርት ይቀራል፤ ወይም ሕመሙን ይዞ ይማራል። ካርድ የምታወጣለት ሴት የእናቱ ጎረቤት ከሆነች ደግሞ፣ ወረፋ ከሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት «ምንህን ነው ያመመህ?» ተብሎ ከመጠየቅ ሕመሙን መሸከም ይመርጣል።

ክንዱን ጠርተን አፉን ያስቀረንበት ታሪክ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት በሀገራችን ሥር የሰደደ ነው። በእድርም ሆነ በሽምግልና ላይ ወጣቱ ያዳምጣል፣ ወንበር ያነሣል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ አይናገርም። በዚህ ልማድ ውስጥ መልካም የሆነ ነገር እንዳለ አንክድም፤ ታላቅን ማክበር ከእኛ ሊጠፋ የማይገባው ሀብት ነው። ደግሞም ባህላችን ሁሉ በዚህ አንድ ተረት አይጠቃለልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ለየዕድሜው እርከን የራሱን ተግባር እየሰጠ፣ በየ8 ዓመቱም ሥልጣን እያሸጋገረ፣ ታናሹን ለኃላፊነት ሲያዘጋጅ የኖረ ነው።

ሆኖም ለወጣቱ ዝምታ ከተረቱ ይልቅ የቅርብ ዘመን ታሪካችን የበለጠ ተጠያቂ ይመስለናል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። መሃይምነትን እንዲያጠፉ፣ ገበሬውን እንዲያደራጁ ታዘዙ፤ ዘመቻው እንዴት ይካሄድ የሚለውን ለመወሰን ግን አልተጠሩም። ከዚያ ወዲያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች በሐሳባቸው ምክንያት ተገደሉ። የዚያ ዘመን እናቶች ለልጆቻቸው የሰጡት ምክር «አፍህን ያዝ» የሚል ነበር፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሲመሠረት ወጣቱ የሚሰበሰብበት ቦታ አገኘ፤ ነገር ግን የተሰበሰበው ከላይ የመጣውን መመሪያ ለመስማትና ለመፈጸም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የወረስነው ልማድ ገና አልለቀቀንም። ዛሬም ችግኝ ሲተከል፣ ጎርፍ መውረጃ ሲጠረግ፣ በክረምት የአረጋውያን ቤት ሲታደስ ወጣቱ ይጠራል። ይህ የተመሰገነ አገልግሎት ነው። ችግኙ የት ይተከል፣ የጎርፍ መውረጃው ለምን በየዓመቱ ይደፈናል፣ የሚለው ሲመከር ግን አይጠራም። ዘወትር ክንዱ ይፈለጋል እንጂ አፉ አይፈለግም።

ሕጉ ምን ይላል?

በሕጉ ላይ ብዙ መቈየት አያስፈልገንም፤ ጽሑፉ ግልጽ ነውና። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ በመሰየም ተሳትፏቸውን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 በባንጁል የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርም በአንቀጽ 11 ስለዚሁ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት አንቀጽ 12 ነው። ይህ አንቀጽ ሕፃኑ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን በነጻነት እንዲገልጥ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ለሐሳቡ ክብደት እንዲሰጠው ይጠይቃል። ክብደት መስጠት ማለት መታዘዝ አይደለም። ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ምን ያህል እንደ መዘነ መነገር አለበት።

ስለ ሮብዓም የሚነሣ ተቃውሞ

ይህን ትምህርት በቁምስና ስናቀርብ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ስለ ንጉሥ ሮብዓም መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልካምም ያደርጋሉ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፣ ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ የወጣቶቹን በመከተሉ መንግሥቱ ተከፈለ። እንግዲህ የወጣት ምክር መጨረሻው ይህ አይደለምን?

ምዕራፉን በጥንቃቄ ብናነበው ግን ሌላ ነገር እናያለን። እነዚያ ወጣቶች ከንጉሡ ጋር በቤተ መንግሥት ያደጉ ባልንጀሮቹ ነበሩ፤ ቀንበሩ በጫንቃቸው ላይ ያልነበረ ናቸው። ቀንበሩ እንዲቀልለት የለመነው ሕዝብ በውጭ ቆሞ መልስ ይጠብቅ ነበር። የሽማግሌዎቹ ምክር መልካም የሆነውም ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ሕዝብ በጎ መልስ እንዲሰጠው በመምከራቸው ነው። ስለዚህ ከሮብዓም የምንማረው ወጣትን እንዳንሰማ አይደለም፤ በሥልጣን አጠገብ የተቀመጠውን ወጣት ሰምተን ሸክሙን የተሸከመውን እንዳንረሳ ነው። ይህም በኋላ ስለ ወጣት ተወካዮች ስንናገር የሚጠቅመን ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ረገድ የራሷ ልምድ አላት። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት በ3ኛው ምዕራፍ፣ ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥም አበምኔቱ ማኅበሩን በሙሉ እንዲጠራና ታናናሾቹንም እንዲሰማ አዝዟል። ውሳኔው የአበምኔቱ ነው፤ መስማት ግን ግዴታው ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ቤልጅየማዊው ካህን፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት ዮሴፍ ካርዳይን እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣት ክርስቲያን ሠራተኞችን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ወጣቶቹ ስለ ራሳቸው የሥራ ሁኔታ ራሳቸው እንዲጠይቁና መረጃ እንዲሰበስቡ አስተማሩ። በፋብሪካ የምትሠራ ልጅ የሥራ ሰዓቷን፣ ደመወዟን፣ የምትሠራበትን ክፍል አየር ትጽፍ ነበር። ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት የሚባለው ይህ መንገድ በር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 በማኅበራዊ ትምህርት መልእክታቸው ውስጥ የተመሰገነ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው የውጤት ካርድ አሠራርም ከዚህ መንገድ እምብዛም የራቀ አይደለም።

እውነተኛው ተሳትፎና ጥላው

ሮጀር ሃርት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጥናት የልጆችን ተሳትፎ 8 ደረጃ ባለው መሰላል መስለውታል። ለእኛ ትምህርት የሚበቁን የታችኞቹ 3 ደረጃዎች ናቸው፤ ሃርት እነዚህን ከነአካቴው ተሳትፎ ብለው አይቈጥሯቸውም። የመጀመሪያው ልጆችን ለማያውቁት ዓላማ መጠቀሚያ ማድረግ ነው፤ የማያነቡትን መፈክር አስይዞ ማሰለፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ማስጌጫ ማድረግ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ነጭ ለብሰው እንዲዘምሩ ይደረጋል፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ግን አይነገራቸውም። ሦስተኛው፣ በእኛ ዘንድ በጣም የተለመደው፣ ለስም ያህል ማስቀመጥ ነው። በ15 ሰው ኮሚቴ ውስጥ «የወጣቶች ተወካይ» የሚባል አንድ ወንበር ይኖራል፤ ያ ወጣት አጀንዳው አስቀድሞ አይደርሰውም፤ ማን እንደ መረጠው አይታወቅም፤ ወደ ማን ተመልሶ እንደሚነግርም አይታወቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል፤ በዚህም «ወጣቶች ተሳትፈዋል» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዴ ይህ ተወካይ በወንበሩ ላይ ሳለ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ፀጉሩ ሸብቶ እናገኘዋለን።

በቤልፋስት የሚያስተምሩት ላውራ ለንዲ የተባሉ የሕግ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ የአንቀጽ 12 መብት እንዲፈጸም 4 ነገሮች ያስፈልጋሉ ብለዋል፦ ሐሳብ ለመፍጠር የሚያስችል ሥፍራ፣ ሐሳብን የመግለጥ ዕድል፣ የሚሰማ ሰው፣ እና ሐሳቡ በውሳኔው ላይ የሚኖረው ኃይል። እኛ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እናቆማለን። አዳራሽ እንሰጣለን፤ ማይክሮፎን እንሰጣለን። የሚሰማው ሰው ግን ንግግሩን ከፍቶ ለሌላ ስብሰባ ሄዷል።

በሌላ ሀገር ያለ ልምድ ይህን ያብራራልን። በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በባራ ማንሳ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 የልጆች የበጀት ምክር ቤት ተቋቋመ። ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 18 ወንዶችና 18 ሴቶች ልጆች በእኩዮቻቸው ተመረጡ፤ ከዚያ በፊትም በየሰፈሩ የልጆች ጉባኤዎች ተደርገው ነበር። ለእነዚህ ልጆች በዓመት ወደ 125,000 የአሜሪካን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የመወሰን ሥልጣን ተሰጣቸው። በአሜሪካም የቦስተን ከተማ በ2014 ከካፒታል በጀቷ 1 ሚሊዮን ዶላር ለይታ፣ ከ12 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ወጣቶች በድምፃቸው እንዲመድቡት አድርጋለች። በመጀመሪያው ዓመት ከመረጧቸው መካከል የመናፈሻ ማሻሻያ፣ የእግረኛ መንገድ ጥገናና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ ላፕቶፖች ይገኙበታል። ልጆች ገንዘብ ቢሰጣቸው ከረሜላ ይገዙበታል ብለው ለሚፈሩ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

የእኛ ወረዳዎች እንዲህ ያለ ገንዘብ እንደሌላቸው እናውቃለን፤ አብዛኛው በጀታቸው ለደመወዝ የሚውል ነው። ከእነዚህ ከተሞች የምንወስደው የገንዘቡን መጠን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ገንዘቡ ከከተማይቱ ጠቅላላ በጀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንደሚችሉና እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። ውሳኔያቸውም ለሌላ ኮሚቴ «ለጥናት» አልተመራም።

የውጤት ካርድ

ገንዘብ በሌለበት የሚሠራ፣ በሀገራችንም የታወቀ አንድ አሠራር አለ። የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ ይባላል። በመጀመሪያ ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በማላዊ በጤና አገልግሎት ላይ የጀመረው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም አማካይነት በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ዘርፎች በብዙ ወረዳዎች ተሠርቶበታል። ተማሪ በየዓመቱ መጨረሻ ካርድ ይቀበላል፤ እዚህ ላይ ግን ተማሪው ራሱ ለትምህርት ቤቱ ካርድ ይሰጣል። አካሄዱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች በየቡድናቸው ለብቻ ይቀመጣሉ፦ እናቶች ለብቻ፣ አባቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ። ይህ መለየት የአሠራሩ ሁሉ መሠረት ነው። አባቱ በተቀመጠበት ልጅ አይናገርም፤ ይህን ልማድ በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም፤ መለወጥም አያስፈልግም። ለብቻ ማስቀመጥ ይበቃል። እንዲያውም ልጃገረዶችን ከወንዶቹ ወጣቶች ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር በወንዶች ፊት የምትናገር ልጅ አትገኝምና።

አወያዩ ምን ቢሟላ አገልግሎቱ መልካም ነው እንደሚሉ ይጠይቃቸዋል። ስለ ጤና ጣቢያ ከሆነ የወረፋው ርዝመት፣ የመድኃኒት መኖር፣ የሠራተኛው አቀባበል፣ ምሥጢር መጠበቁ፣ የሚከፈትበት ሰዓት ሊሉ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከነጥቡ አጠገብ ምክንያቱን ይጽፋሉ። ምክንያቱ ከነጥቡ ይበልጣል። «አቀባበል 2» ቢባል ማንም አይማርበትም፤ «ዩኒፎርም ለብሰን ስንመጣ ከትምህርት ሸሽታችሁ ነው እየተባልን እንመለሳለን» ሲባል ግን የሚታረመው ነገር ተለይቶ ይታወቃል።

በሌላ በኩል ሠራተኞቹም ስለ ራሳቸው አገልግሎት ለብቻቸው ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ቢሆንም መዘለል የለበትም። ነርሷ ለብቻዋ የሁለት ሰው ሥራ እንደምትሠራ፣ መድኃኒቱ ከዞን ዘግይቶ እንደሚመጣ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ካርዶቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይነጋገራሉ። በመጨረሻም ምን ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ የሚል ወረቀት ይዘጋጃል፤ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይም ይለጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ነጥብ ይሰጣል።

ምላሹ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ደርሰናል። ወጣቱ ተናግሯል፤ ተጽፏል። የወረዳው ወይም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ምን ይመልስ?

አንደኛው ምላሽ «እናደርገዋለን፤ በዚህ ቀን» የሚል ነው። መቀርቀሪያው በሳምንት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ቢገኝ እንኳ ለቀጣዩ ስብሰባ ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጣል። ሌላው «ይህ በእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ለዞን ወይም ለክልል ነው፤ በዚህ ቀን በዚህ ቍጥር ደብዳቤ ጽፈናል፤ ቅጂው ይኸው» የሚል ነው።

ሦስተኛው ምላሽ «አይሆንም» የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ብዙ ኃላፊዎች ወጣቶችን መጠየቅ የሚፈሩት የማይችሉትን እንዳይጠየቁ ነው። ነገር ግን «አይሆንም» የተከበረ ምላሽ ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረ። የወረዳው የገንዘብ ኃላፊ ለወጣቶቹ በጀቱን ዘርግቶ፣ ይህን ያህሉ ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ደመወዝ ነው፣ ይህን ያህሉ ለነዳጅ ነው፣ የቀረው ይህ ነው፣ ከዚህ ላይ አዳራሹን ልሥራ ወይስ ድልድዩን ልጠግን ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እምቢ ቢላቸው እንኳ አስተምሯቸዋል፤ አክብሯቸዋልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ወጣቶች ስለ በጀት የሚናገሩት እንደ ቀድሞው አይሆንም። ካየናቸው የወጣት ስብሰባዎች መካከል ሞቅ ያለ ጭብጨባ ያገኙት ብዙ ተስፋ የተሰጠባቸው ነበሩ፤ ፍሬ ያፈሩት ግን ቍጥር በሰሌዳ ላይ የተጻፈባቸው ናቸው።

ምላሽ ያልሆነው ዝምታ ብቻ ነው። «ተቀብለነዋል፤ እናየዋለን» የሚለውም ቀን ካልተወሰነለት የዝምታ ወንድም ነው። ዝምታ የሚያስከትለውን ጉዳት አቅልለን ልናየው አይገባም። ያልተጠየቀ ወጣት ቢያንስ ቢጠይቁኝ እናገራለሁ የሚል ተስፋ አለው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ምላሽ ያጣ ወጣት ግን ያም ተስፋ ተወስዶበታል፤ መናገር ከንቱ እንደሆነ በራሱ ላይ ፈትኖ አውቋል። ከዚያ በኋላ ሰፈሩን የራሱ አድርጎ አያየውም፤ ቧንቧው ቢሰበር አልፎት ይሄዳል። ልቡ ወደ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ያያል። ለስደት ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው አንልም፤ ሥራ ማጣትና ጦርነት ያደረሱትን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ሰሚ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ያስባል።

መጠንቀቅ የሚገባን

ለወጣቶች ድምፅ እንስጥ ስንል የትኞቹን ወጣቶች እንደሆነ መጠየቅ አለብን። የሮብዓምን ባልንጀሮች እናስታውስ። ለስብሰባ ቶሎ የሚመጡት አማርኛቸው የሰላ፣ ስብሰባ የለመዱ፣ ብዙ ጊዜም ወንዶች የሆኑ የከተማ ልጆች ናቸው። ትምህርት ያቋረጠው እረኛ፣ በሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ፣ ዐይነ ሥውሩ፣ የሊስትሮ ዕቃ ተሸክሞ የሚዞረው አይመጡም። ስብሰባው የሚጠራበት ሰዓት ብቻውን ብዙዎችን ያስቀራል፤ የቤት ሠራተኛ በእሑድ ከሰዓት በኋላ እንጂ በማክሰኞ ጠዋት አትገኝም። ልንሰማቸው ከፈለግን ወደ እነርሱ መሄድ ይኖርብናል።

ሌላው የልጆች ደኅንነት ነው። የውጤት ካርድ የሚናገረው ስለ አገልግሎቱ እንጂ ስለ ሰው ስም አይደለም። አንድ ልጅ መምህር እንደ መታው ወይም ከዚያ የከፋ ነገር እንደ ደረሰበት ቢናገር፣ ያ ጉዳይ በአደባባይ የሚነበብ አይደለም፤ አወያዩ ለብቻው ይዞ ወደሚመለከተው የሕግ አካል ሊያደርሰው ይገባል። ይህ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ስብሰባውን አለመጥራት ይሻላል። የተናገረ ልጅ በማግስቱ በክፍሉ ውስጥ መምህሩን ብቻውን ያገኘዋልና።

ደግሞም ይህ ሁሉ የሚመለከተው መንግሥትን ብቻ አይደለም። በሀገረ ስብከቶቻችን ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ለሕዝብ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው። የተማሪዎቻችን ካርድ ስለ ቤተ መጻሕፍታችን፣ ስለ መጸዳጃ ቤታችን፣ ስለ ቅጣት አሰጣጣችን ምን ይል ይሆን? ወረዳውን የምንጠይቅበት ካርድ በመጀመሪያ በራሳችን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የወረዳው ኃላፊ ሲቀበለን ፊቱ የተለየ ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜ አንድ ነገር እናሳስባለን፤ ብዙ በጎ ጥያቄዎች የሚቀሩት ከጊዜ በኋላ ስለሚቀርቡ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በነሐሴ የሚቀርብ ጥያቄ ገንዘብ የሚያስፈልገው ከሆነ ለሚመጣው ዓመት ተላልፏል ማለት ነው። ስለዚህ የቁምስና ወጣቶች ማኅበራት ይህን ትምህርት ሊሠሩበት ቢወዱ፣ ከገና በኋላ አንድ አገልግሎት ብቻ መርጠው፣ ቦኖውን ወይም ጤና ጣቢያውን፣ በየቡድኑ ተቀምጠው ካርዱን ቢያዘጋጁ፣ በዐቢይ ጾም ወራት ከሠራተኞቹ ጋር ፊት ለፊት ቢነጋገሩ፣ የተስማሙበትንም ወረቀት ለወረዳው ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ከፋሲካ በፊት ቢያደርሱ፣ በጀቱ ገና ሳይዘጋ ይደርሳሉ። ሲያስረክቡም ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ።